የግቢ ሰርግ፦ እኔ ኦርቶዶክስ፣ እሱ ሙስሊም፤ ድግሱን እንዴት እናስኬደው?

የአራዳ ሙሽራ
እስቲ የደገሰ፣ ያስደገሰ፣ ድስት ያማሰለ ሁሉ ይምከረኝ። በ2019 ጥር ላይ ልንጋባ ነው። አዳራሽ አንከራይም፤ ገንዘቡም የለም፣ ቢኖርም ልባችን እዚያ አይደለም። የእጮኛዬ አክስት አራት ኪሎ አካባቢ አሮጌ የግል ግቢ አላቸው፤ ባለ እንጨት በረንዳ ቤት፣ ደጁ ላይ ትልቅ ዝግባ ያለበት። 150 ሰው ይችላል ብለን ገምተናል። ዳስ ጥለን፣ ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ዘመድና ጎረቤት አብስሎ፣ እኛም ከቤተሰቡ ጋር ተሯሩጠን ልንወጣው ነው ሐሳባችን።

ቤተሰቦቻችን ተስማምተዋል። ሽማግሌ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ እሱን አልዘረዝርም። አሁን የቀረው ጣጣ ጓዳ ውስጥ ነው። እናቴ «ሥጋ የሌለበት ሰርግ ልቅሶ ነው» ብላለች። የእሱ እናት ሙስሊም ያላረደውን አይቀምሱም፤ የእኔዎቹ ደግሞ ሙስሊም ያረደውን አይበሉም። አያቴ «ጠላ ሳልጠምቅ ልጅ አልድርም» ባይ ናት። የግቢው ባለቤት አክስቱ ግን መጠጥ እንዲገባ አይፈልጉም። አፍ አውጥተው አልተናገሩም፣ ለእሱ በጆሮው ነው የነገሩት። ይኼ ሁሉ ሳያንስ ፒያሳ ሲፈርስ ሰፈራችን ተበታትኗል፤ ሽንኩርት የሚከትፉልኝ እናቶች ዛሬ ከተማው ጫፍ ገላን ጉራ ናቸው።

ከየት ልጀምር?

የድስት እናት
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ሁለት ጓዳ አድርጊ፣ አትጨነቂ። ሁለት እሳት፣ ሁለት መክተፊያ፣ የየራሱ ቢላ፣ የየራሱ ወጥ ሠሪ። የሙስሊሙን በግ የእነሱ ሰው ቢስሚላህ ብሎ ይረድ፣ እነሱው በየብልቱ ይገንጥሉ፣ እነሱው ያብስሉ። የእናንተንም በስመ አብ ብሎ የሚያርደው የእናንተ ሰው ይሁን። እንግዳው ሲገባ «ይኼ የማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ወረቀት ተለጥፎ ቢያይም ይጠይቃል። እና ድስቱ አጠገብ ከራሱ ወገን የሚያውቃት አንዲት እናት ቆማ «ብላ ልጄ፣ የእኛ ነው» ስትለው ያን ጊዜ ሳህኑን ይዘረጋል።

ማብሰሉ ላይ ሰው አይጣላም። የሚያጣላው ጭልፋ ነው። አንዷ አስተናጋጅ ቸኩላ ከዚያኛው ድስት ያወጣችበትን ጭልፋ እዚህኛው ውስጥ ከከተተች፣ አንድ ሰው ብቻ ይይ፣ ወሬው ዳሱን ሳይዞር አያድርም። ስለዚህ የአንዱን ወገን ጭልፋ፣ ትሪና የድስት ክዳን እጀታ ሁሉ ላይ ቀይ ክር እሰሩበት። ክሩን ማሰር ያለባት ደግሞ አንዲት ኃላፊ ናት፤ ሁሉም ካሰረ ማንም አላሰረም።

የጾም ወጦቹን፣ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ አተር ክኩን በሦስተኛ ቦታ መሐል ላይ አስቀምጪ። እዚያ ሁሉም ይገናኛል።

ሽሮ ብቻ
እኔ የምለው ለምን ሥጋውን አትተዉትም? ዓሣ አለ! ዓሣ ማንም አያርደውም፣ ማንም አይጣላበትም። እንቁላል፣ አይብ በጎመን፣ ቅቤ የጠገበ ሽሮ፣ ጨጨብሳ። ፍስክ ነው፣ ግን ቢላ የለበትም። አንድ ጓዳ፣ አንድ ማዕድ።

የድስት እናት
ለሽሮ ብቻ፦ ሐሳቡ ያምራል፤ ለሃምሳ ሰው ምሳ ቢሆን እኔም እለው ነበር። ሙሽራ እየዳረች ያለች እናት ግን «ዓሣ አብልታ ሸኘችን» ተብሎ እድር ላይ ሲወራባት መስማት አትችልም። የሁለቱም እናቶች ክብር ያለው እዚያ ድስት ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ለ150 ሰው ዓሣ ጠብሶ ትኩሱን ማቅረብ፣ ሞክሩት እስቲ።

ደሴ ያደገ
የአዲስ አበባ ሰው ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ወሎ ውስጥ ይኼ ጥያቄ አይደለም። አንድ ቤት ውስጥ አጎት ሼህ፣ አጎት ቄስ ነው። ክርስቲያኑ ሲደግስ ሙስሊም ጎረቤቱን አስቀድሞ ጠርቶ በጉን ያስረክባል፤ አርዶ፣ በራሱ ድስት ሠርቶ፣ የራሱን ሰው ያበላል። ሙስሊሙም ሲደግስ እንዲሁ። የሚያስከፋው ተለይቶ መበላቱ አይደለም፣ መዘንጋቱ ነው። «ለእናንተ አልታረደም» ከመባል የከፋ ስድብ የለም።

መጠጡን በተመለከተ ቀሪቦ አስጠምቂ። ከገብስ የሚሠራ ነው፣ አያሰክርም፣ የወሎ ሙስሊም በድግሱ የሚያቀርበው ነው። ጠላ የለመደ ሽማግሌ ሳይቀር ጠጥቶ ያመሰግናል። (አያትሽ ግን አያመሰግኑም። እሱን እወቂው።)

ጠጅ ቤት አላውቅም
ከቀሪቦው ጎን ብርዝ ጨምሩ። ማሩን በውኃ በጥብጦ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ግን ከዋዜማው ማታ ቀድማችሁ እንዳትበጠብጡት፤ ጥቂት ቀን ካደረ ራሱ መፍላት ይጀምርና ወደ ጠጅነት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ለአክስትየው ምን ብላችሁ ልታስረዱ ነው?

የአራዳ ሙሽራ
ሳቄን ለቀቅሁት። ስለ አያቴ ግን የምሬን ነው፤ ጌሾው ተገዝቷል። ምን ልበላት?

ሦስት ልጅ የዳረች
ልጄ፣ ለአያትሽ አትከልክያቸው፤ ቦታ ቀይሪላቸው። የሰርጉ ዕለት በሙሽራው አክስት ግቢ ጠላም አረቄም አይግባ። የሰው ቤት ነው፤ ባለቤቷ ባይናገሩም ታውቆላቸው ይቀመጥ። መልሱ ግን የእናንተ ነው፣ በእናንተ ቤት ነው የሚደገሰው። አያትሽ ጠላቸውን ለመልሱ ይጥመቁ፣ ጋናቸውን ደርድረው ያጠጡ። ለመጣው ለሙሽራው ወገን ደግሞ ብርዝና ለስላሳ ለየት ባለ ጠረጴዛ ይቅረብ። እንዲያውም «ዋናው ድግስ የእርስዎ ነው» በያቸው። ውሸትም አይሆንብሽም፤ በእኛ ጊዜ ከሰርጉ ይልቅ መልሱ ነበር የሚደምቀው።

ባሕረ ሐሳብ
ሰው ሁሉ ስለ ድስት ሲያወራ ቀኑን የጠየቀ የለም። ጥር ማለት ብቻውን አይበቃም።

በ2018 ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ፣ የካቲት ላይ። በ2019 ግን ይለያያሉ፣ ይኼ ለእናንተ መጥፎ ነው። ረመዳን ጨረቃዋ ታይታ የሚወሰን ቢሆንም የካቲት መግቢያ ላይ ይጀምራል ተብሎ ይጠበቃል። እሱ ሊያልቅ ሲል ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። ስለዚህ ከጥር መጨረሻ እስከ ፋሲካ ሁለቱን ወገን አንድ ላይ ምሳ የምታበሉበት ቀን የለም ማለት ይቻላል።

ጥምቀት ጥር 11 ማክሰኞ ይውላል። ከከተራ ጀምሮ እስከ 12 በጃን ሜዳና በስድስት ኪሎ በኩል መንገድ ይዘጋል፣ አራት ኪሎ ላይ ሰርግ አይታሰብም። ከጥምቀት በኋላ የቀሩት ቅዳሜዎች 15፣ 22 እና 29 ናቸው። 29 ለረመዳን በጣም ይቀርባል፣ የእሱ እናት የሚያዘጋጁት አይጠፋም። 22ን አስቡበት እንዳልል ዋዜማው ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ነው፣ በዚያ ላይ ዓርብ። ጠዋት የእናንተ ሴቶች ቤተ ክርስቲያን፣ ቀትር ላይ የእነሱ ወንዶች ጁምዓ። ሽንኩርቱን ማን ይክተፍ?

ጥር 15 ውሰዱ። ቂርቆስ ይነግሣል፤ ቂርቆስ ሰፈር ዘመድ ካላችሁ አርፍደው ይመጣሉ፣ በቃ።

የአራዳ ሙሽራ
22ን ነበር የያዝነው!! ዋዜማውን አላሰብነውም። ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ።

አራት ኪሎ ጠበቃ
በወረቀቱ በኩል ላግዝሽ። የሃይማኖት ልዩነት በሕግ እንቅፋት አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ በግልጽ አስቀምጦታል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሊፈጸም ይችላል ይላል፤ ውጤቱም እኩል ነው። በእናንተ ሁኔታ ግን ወረዳ ሄዳችሁ በሹም ፊት ብትፈራረሙ ከሁሉም ይቀላል። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማመልከት አለባችሁ፣ ምክንያቱም ተቃውሞ ያለው እንዲያቀርብ ማስታወቂያ ይወጣል። ከሁለት አንዳችሁ፣ ወይም ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመዳችሁ በዚያ ወረዳ ነዋሪ መሆን አለበት። ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ምስክር። ያላገባ ማስረጃ ስለሚጠየቅ አስቀድማችሁ አውጡ። ለጥር 15 ከሆነ ኅዳር ላይ ጀምሩ።

ሰው የማይነግርሽን አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስት ኑዛዜ ከሌለ አይወራረሱም፤ የሚያገኙት ከጋራ ንብረቱ ድርሻቸውን ነው። በእስልምናም ሕግ ሙስሊምና ሙስሊም ያልሆነ አይወራረስም። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳያችሁን የሚያየው ሁለታችሁም ስትስማሙ ብቻ መሆኑን አዋጅ 188/1992 ይደነግጋል። ስለዚህ ከጫጉላው በኋላ ተቀምጣችሁ ኑዛዜ ጻፉ። የሰርግ ወሬ አይደለም፣ አውቃለሁ።

ዳዊት ደጋሚ
ቅር አይበልሽ፣ ግን በቤተ ክርስቲያናችን ተክሊልም ቁርባንም ለሁለት የተዋሕዶ ልጆች ነው። ይኼ የሚደራደሩበት ጉዳይ አይደለም። አንዳንድ ቤተሰብ «ቄስ ጠርተን ዳሱ ውስጥ ትንሽ ጸሎት እናስደርግ» ይላል፤ ካህኑን ጭንቅ ውስጥ ትከቻቸዋለሽ። አስቀድመሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ምን እንደሚሉሽ አላውቅም፣ ግን ከአንቺ ይስሙት እንጂ ከሰው አይስሙት።

ኡስታዝ ያልሆነ
በእኛ በኩል ደግሞ ሙስሊም ወንድ አህለል ኪታብ (ክርስቲያን ወይም አይሁድ) የሆነች ሴት ማግባቱን አብዛኞቹ ዑለማዎች ይፈቅዱታል፤ ተገላቢጦሹን አይፈቅዱም። ኒካህ፣ የጋብቻ ውሉ፣ ቤት ውስጥ ይፈጸማል፣ መስጊድ መሄድ ግዴታ አይደለም። መህር (ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጠው) ይኖራል፣ ሁለት ምስክር ይኖራል፣ ወሊ (ሙሽሪትን የሚድር ኃላፊ) ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚገርማቸው ወሊሽ የሚሆኑት የራስሽ አባት መሆናቸው ነው፤ ክርስቲያን ቢሆኑም። እኔ ባየሁት አንድ ኒካህ የሙሽሪት አባት ነጠላቸውን አጣፍተው ከሼሁ ትይዩ ተቀምጠው ነበር። ሼሁ «ልጅዎን ሰጥተዋል?» ሲሏቸው ድምፃቸው ተቆርጦባቸው በጭንቅላታቸው አዎ አሉ። ሼሁም «ጋሼ፣ በቃል ነው የሚያስፈልገን» አሏቸው። ሁሉም ሳቀ፣ እሳቸውም ስቀው ተናገሩ። ዝርዝሩን ለምታውቁት ኡስታዝ ጠይቁ።

ለቀኑ ደግሞ፦ ምሳውን ከዙህር (ከቀትር ሶላት) በኋላ አድርጉት፣ በእኛ ሰዓት ሰባት ተኩል ገደማ። አንድ ጥግ ላይ የውዱእ (ከሶላት በፊት መታጠቢያ) ውኃ፣ ምንጣፍና ጸጥ ያለ ክፍል ካለ ማንም ግቢውን ጥሎ አይወጣም።

እውነቱን ልንገርሽ
ሁላችሁም ስለ ጭልፋ ታወራላችሁ። ሰርግ በአንድ ቀን ያልቃል። ልጅ ሲወለድ በሰባተኛው ቀን አቂቃ (የሙስሊሙ የልጅ እርድ) ነው ወይስ በ40ና በ80 ክርስትና? እሱን ሳትፈቱ ዳስ ትጥላላችሁ።

የአራዳ ሙሽራ
ተነጋግረንበታል። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሌላ ሰው እንዲያውቀው አንፈልግም። ስላሰብክልን አመሰግናለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ
እሺ፣ ከተነጋገራችሁበት አበቃ። መልካም ጋብቻ።

ዳስ ጣይ
ወደ ዳሱ ልመልሳችሁ። የባሕር ዛፍ አጠና ከእንጨት ተራ ትገዛላችሁ፣ ማገሩን የሰፈር ልጆች በገመድ ያስሩታል፣ ላዩን በቅጠል ማልበስ ያምራል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ነገር ግን የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፣ ጥር ደግሞ ደረቅ ነው፤ ብልጭታ ከነካው እንደ ላምባ ነው የሚነሣው። ጓዳዎቹ ሁለቱም ከዳሱ ርቀው፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ አጥሩ በሚወስድበት በኩል ይሁኑ። ሁለት በርሜል ውኃም ከጎኑ። ግቢ ውስጥ ስለሆነ ድንኳን ለመጣል እንደ መንገድ ዳር አይደለም፤ ሆኖም ወረዳውን አሳውቁ፤ የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ አራዳ ውስጥ ደንብ አስከባሪ ቅርብ ነው።

የእድር ድንኳን በተጠባባቂነት ያዙ። ግን ልብ በሉ፣ በሰርጉ ዋዜማ የእድርተኛ ቤት ሰው ከሞተ ድንኳኑም አግዳሚውም ብረት ድስቱም ወደ ልቅሶ ቤት ይሄዳል። ማንንም አትወቅሱም። የሁለቱንም ወገን እድር ጠይቁ፤ በሁለቱም በአንድ ቀን ሰው አይሞትም ብለን እንለምን።

አደይ አበባ ፈልገሽ ከሆነ እርሺው። መስከረም ላይ ቀርቷል። ቄጠማ ግን ሾላ ታገኛለሽ፣ ጠዋት የደረሰውን።

ገላን ጉራ ኗሪ
እናቶቹ ገላን ጉራ ናቸው ላልሽው፣ እኔም ከዚያው ከፒያሳ የወጣሁ ነኝ። ለምንድን ነው እነሱ ወደ አራት ኪሎ የሚመጡት? ሥራው ወደ እነሱ ይሂድ! ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ኮሚናል የምንለው የጋራ ቤት አለ፣ ድግስና እርድ ሁሉ እዚያ ነው። ሽንኩርቱ ሐሙስና ዓርብ እዚያ ይከተፍ። ቁሌቱም እዚያው ይብሰል፤ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ብቻ። ሥጋም ቅቤም አይግባበት። ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት ቁሌቱ በክዳን ድስት በአይሱዙ ይጫን፣ አራት ኪሎ ሲደርስ ሁለቱ ጓዳዎች ይካፈሉትና የየራሳቸውን ሥጋና ዶሮ ይክተቱበት። እናቶቹን ደግሞ ጠዋት ቅጥቅጥ ኮንትራት ይዛችሁ አምጧቸው፣ ያውም ለብሰው፣ እንደ እንግዳ። ሲሠሩ አምሽተው ጭስ ጭስ እየሸተቱ ሰርግ እንዲታደሙ አታድርጓቸው።

የድስት እናት
ቁሌቱ ለሁለቱም! እንዴት አላሰብኩትም? አንድ ነገር ብቻ፦ ቁሌቱ የሚሠራበትን ድስት ሁለቱም እናቶች አይተው ይመርቁት። እና የሽንኩርቱን ነገር አትቀንሱ፤ ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ያህል ያዙ። ዶሮ 12 ብልት ነው የሚወጣው፣ ለ150 ሰው ለሁሉም ብልት ልድረስ ካላችሁ ትከስራላችሁ፤ ዶሮውን ለሙሽሮችና ለወላጆች ማዕድ አድርጉት፣ ለሌላው ቀይ ወጥና አልጫ። እንጀራ ለሰው ሦስት ብላችሁ አስቡ፣ ግማሹን እዘዙ፤ መብራት ሄዶ ምጣድ ላይ ከመቆም ያድናል።

ሽሮ ሜዳ
የልብሱን ማንም አላነሣም። ለወንዱ እናት ቀሚስ ልትሰጪ ከሆነ ሽሮ ሜዳ ያለውን ሸማኔ አስቀድመሽ አነጋግሪ። የተዘጋጀው ጥበብ አብዛኛው መስቀል አለው፤ ሳይታወቅ ገዝተሽ ከሄድሽ እሳቸው አመስግነው ይቀበሉሽና ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። የዳማ ወይም የመስመር ጥበብ በያቸው፣ ሻሽም አብሮ ይሠራላቸው። ጥቅምት ላይ ካዘዝሽ ይደርሳል።

የወንድ ሚዜ ነኝ
እኔ የዚህ ሰርግ ሚዜ ነኝ፣ ሙሽራው ይኼን ውይይት ልኮልኝ ነው የገባሁት። ሙዚቃው ተረስቷል። ዲጄ የለም፣ ከበሮ ነው። ሴቶቹ ከበሮ ያመጣሉ፣ የእኛ ልጆችም በመንዙማ ያደጉ ናቸው፣ ሁለቱ ከበሮ ሲገናኝ ምን እንደሚሆን እናያለን። ሥጋውን እኔ አስገነጥላለሁ። ጭልፋ ላይ ግን አታቁሙኝ።

የአራዳ ሙሽራ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ማታ ሁለቱም ቤተሰብ አክስትየው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ተነጋግረናል። ጥር 15 ሆኗል። አባቴ ወሊ እንደሚሆን ሲሰማ ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ «ታዲያ ምን ለብሼ ነው የምሄደው?» ብሎ ጠየቀ፤ እሱ ጉዳይ ተዘጋ። አያቴ ለመልሱ ሁለት ጋን እጠምቃለሁ ብላለች፣ አንድ ነበር ያልነው። እማዬና የእሱ እናት ጓዳ ተከፋፍለዋል፤ እማዬ በአጥሩ በኩል፣ እሳቸው በዝግባው በኩል። ሁለቱም የተሻለውን ቦታ ሌላኛዋ እንደወሰደች ያምናሉ። ቀዩን ክር የምታስረው የእሱ ታናሽ እህት ናት፣ ማንም አይደፍራትም።

ኅዳር መጀመሪያ ወረዳ እንሄዳለን። የንስሐ አባቴን ጉዳይ ለብቻዬ እጨርሰዋለሁ።

አሁን የጎደለን ለቁሌቱ የሚሆን ትልቅ ብረት ድስት ነው፣ ሥጋ ያልነካው ቢሆን ይመረጣል። የሚያከራይ የምታውቁ?

ሦስት ልጅ የዳረች
እኔ ጋ አንድ አለ። የመጨረሻዋን ልጄን ስድር ገዝቼው ለሽሮ ብቻ ነው የዋለው። ጉለሌ ነኝ፣ መጥታችሁ ውሰዱት፤ ለሁለት ነው የሚሸከሙት። ኪራይ የምትሉትን ተዉ፣ ስትመልሱት ግን ታጥቦ ይሁን፣ ቂጡም ጭምር።

የወንድ ሚዜ ነኝ
እኔና ሙሽራው እሑድ እንመጣለን እትዬ። አድራሻውን በውስጥ መስመር ይላኩልኝ።